ቄራው፦ አንደኛም መጨረሻም

ባለፈው ሳምንት ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ፣ ሲፈን፣ በእረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። በዓመቱ ካየቻቸው ፊልሞች ምርጦቹን በአንድ ወገን፣ ቀሽሞቹን በሌላ ወገን ደርድራ ለጓደኞቿ ልካለች። «ባርሲሳ፣ የእርስዎስ ምርጥና ቀሽም የትኞቹ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ነቀምት ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስኖር በስሜ የሚጠራኝ ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ዘንድሮ አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አላየሁም አልኳት። ቅር ብሏት ሄደች።

እኔ ግን ቤት እንደገባሁ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን ካርቶን አወረድኩ። ከድሮ የትምህርት ዕቅዶች ሥር አንድ ሽፋኑ የለቀቀ ደብተር አለ። ስገልጠው ዱቄት ሸተተኝ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ዱቄት ይሸታል ብል የሚያምነኝ የለም፣ ግን ሸተተኝ። ገጾቹ በማስመሪያ ተሰምረው በአምስት ዓምድ ተከፍለዋል፦ ተራ ቁጥር፣ የፊልሙ ስም፣ ያየሁበት ቅዳሜ፣ የሞቱ ሰዎች ብዛት፣ አስተያየት። አዎ፣ የሞቱ ሰዎች ብዛት። ወጣት መምህር ሳለሁ ፊልም የምመዝነው በሬሳ ነበር። አራት ጭረት በቁም፣ አምስተኛው በአግድም፤ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጨለማ ሳላይ እጭር ነበር። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር በቀይ ተጽፏል። «የዓመቱ ምርጥ፦ ቄራው።» ከሥሩ ደግሞ «የዓመቱ ቀሽም፦ ቄራው።» የእጅ ስህተት አይደለም። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ነቀምት የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ በአንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልገባም፤ ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው፣ ስለዚህም ሁሉም ሁሉን ያውቅ ነበር። ዛሬ ባለ መስተዋቱ ባንክ የቆመበት ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን ዘፈን በኦሮምኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ያሰማን ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ በአሥር ሳንቲም። ከቆላው ከአንገር ጉቲን የሚመጣው ማንጎ መንገድ ላይ ተከምሮ ውሃው በክንዳችን እየወረደ እንበላለን። ጎረምሶቹ ሱሪያቸው መሬት ይጠርጋል፤ ጸጉራቸውን ፊልም ላይ እንዳዩት ከኋላ ያስረዝማሉ። መምህር ኮት መልበስ ነበረበት። የእኔ ኮት ቡናማ ሆኖ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አይጠፋም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ቤት ስገባም አላወልቀውም።

ፊልም ቤቱ ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን። ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ወላጆቻቸው ከሸዋ የመጡ፣ ራሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያረጁ ሴት ነበሩ፤ በር ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠው ሃምሳ ሳንቲም ይቀበላሉ፣ በኦሮምኛ ይሳደባሉ፣ በአማርኛ ይመርቃሉ። መስኮቶቹ በካርቶን ስለተደፈኑ ውስጡ በቀትርም ጨለማ ነው። የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ አንድ ማይክሮፎን የያዘ ሰው። ወፍጮው ሲዞር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ከጣሪያው ሥር የዱቄት ብናኝ እየወረደ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ውስጥ ይዋኛል። ሰው ሲታረድ የምናየው በዚያ ነጭ ብናኝ መሐል ነበር።

ባለ ማይክሮፎኑ ገመቹ ይባላል። ተርጓሚያችን ነበር። የፊልሞቹን ቋንቋ ግን አንዱንም አይችልም። በወጣትነቱ አንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ፣ ከውጭ አገር የመጡት ባለሙያዎች የሚያዙት በእጃቸውና በፊታቸው ነበርና፣ ሰውን ያለ ቃል መረዳት የተማርኩት እዚያ ነው ይላል። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲያነቃንቅ ገመቹ ፊቱን አይቶ ይናገርለታል፤ ሴቲቱን በኦሮምኛ፣ ፖሊሱን በአማርኛ፣ ሌባውን በሁለቱም። የፊልሞቹን ስም የሚያወጣውም እሱ ነው። አንድ ጽኑ ደንብ ነበረው። መብራት ሲጠፋ፣ በዚያ ዘመን ደግሞ በየሳምንቱ ይጠፋል፣ እትዬ አስካለ ገንዘብ አይመልሱም፤ የቀረውን ፊልም ገመቹ በጨለማ ተርኮ ይጨርሰዋል። ማይክሮፎኑ አብሮ ይሞታል፣ እሱ ግን ከአፉ አያነሳውም። «ተፈጸመ» እስኪል ድረስ የሚነሳ ሰው የለም።

ስወጣ በር ላይ እየጠበቀ፣ «ባርሲሳ፣ ዛሬ ስንት ቀበርን?» ይለኛል። ደብተሬን አይቼ በቁም ነገር እመልስለታለሁ። «ባለ ሰንሰለቱ» የተባለው ፊልም ሠላሳ አንድ፤ ሰውየው በብስክሌት ሰንሰለት ያነቃል፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ በጥርሱ ይጨርሳል። «አራቱ አቃጣዮች» ሃያ ስምንት፣ ግማሾቹ ጎተራ ውስጥ በቁማቸው ተቃጥለው። «ሁለቱ ሚዜዎች» ግን አንድ፣ እሱም በሳንባ በሽታ፤ ለዚህ ፊልም «ጊዜ ማባከን» ብዬ ጽፌለታለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን አትደባደቡ እያልኩ እመክር ነበር። በዚህ ውስጥ የሚጣረስ ነገር መኖሩ አልታየኝም። ደም ለእኔ ቀለም ነበር፤ ሰው ሲሞት አይቼ የማላውቅ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ነበርኩ።

ከእኔ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገባው ቶለራ ግን አይቷል። ቶለራ የግቢዬ ልጅ ነው፤ ክፍሎቻችን በአንድ ግድግዳ ይለያያሉ፤ የሚሠራው ከፊልም ቤቱ ጎን ባለው ወፍጮ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ታላቅ ወንድሙ ለሜሳ ከከተማው ወጣ ባለው ጉቶ ጊዳ ውስጥ በበቆሎ ማሳ ድንበር ጠብ ተነስቶ በመጥረቢያ ተገደለ። ቶለራ ሬሳውን በበር ሳንቃ ላይ አድርገው ተሸክመው ካመጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሸሚዝ ይለብሳል፤ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይሄዳል፣ ማታ በዱቄት ነጭ ሆኖ ይመለሳል። ገዳዩ ታስሯል፤ የገዳዩ ታናሽ ወንድም ዋቅጅራ ግን ከአውቶቡስ ተራው በታች ራዲዮ እየጠገነ ይኖራል። በእነሱ ወግ እንዲህ ያለ ደም የሚደርቀው በጉማ ነው፤ ጉማ ማለት የገዳይ ወገን ለሟች ወገን በሽማግሌ ፊት የሚከፍለው የደም ካሣ ነው። ጉማው እስኪፈጸም ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ውሃ አይጠጡም፤ በመንገድ ቢገናኙ የገዳይ ወገን ፊቱን አዙሮ ይሸሻል። ካልሸሸ ለሚደርስበት የሚያዝንለት የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ግቢያችን ተመላለሱ፤ ቶለራ እሺም እንቢም አይልም። አንድ ቀን ብቻ፣ በር ላይ ቁጭ ብለን ማንጎ ስንበላ፣ ከለቅሶው ወዲህ በቤታቸው የለሜሳን ስም የሚያነሳ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። እናቱ ስሙ ከተነሳ ሌላ ደም ይፈሳል ብላ ፈርታ ከልክላ ነው። «ወንድሜን ሁለት ጊዜ ቀበሩት» አለኝ። እኔም ሥርዓቱን ለመረዳት ጓጉቼ ስለ ጉማ ብዙ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ስለ ለሜሳ ግን አንድም አልጠየቅሁትም።

«ቄራው» የታየው ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ከፍዬ ስገባ የቪዲዮ ማጫወቻው ተበላሽቶ ነበርና ፊልሙ ዘገየ። ከርቀት የመጣ የእስያ ፊልም ነው፤ ባለታሪኩ ቄራ ውስጥ የሚሠራ ሥጋ ቆራጭ ነው። ወንድሙን ገድለው፣ ቆዳውን ገፈው፣ ከተሰቀሉት በሬዎች መሐል ይሰቅሉታል። ሥጋ ቆራጩ ጠዋት ሥራ ገብቶ ተራ በተራ ሲያወርድ ወንድሙ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ምሕረት የለም። አንዱን በመንጠቆ ጉሮሮውን፣ አንዱን የፈላ ውሃ በርሜል ውስጥ በራሱ ዘቅዝቆ፣ ሦስቱን በአንድ ጠባብ ኮሪደር በመጥረቢያ፤ ደሙ የካሜራውን መስተዋት መታ። አግዳሚው ሁሉ ያጓራል፣ ገመቹ በሁለት ቋንቋ ይጮኻል፣ ወፍጮው ከጎን ያንጎራጉራል፣ እኔ እጭራለሁ። ሃያ ሦስት ላይ ደረስኩ። አጠገቤ ቶለራ ተቀምጧል። ብርድ ሲበረታ እንኳ የማይለብሰውን ረጅም ካፖርት ለብሶ ነበር፤ ተደግፎኝ ሲነሳና ሲቀመጥ ጎኑ ላይ እንደ ጣውላ የደረቀ ነገር ክንዴን ነካኝ። ልብ አላልኩትም።

በመጨረሻ የቀረው የዋናው ገዳይ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓሣ ሻጭ፣ በነገሩ እጁ የሌለበት ልጅ። ሥጋ ቆራጩ እጁን የፊጥኝ አስሮ ሲሚንቶው ላይ አንበረከከው። መጥረቢያውን አነሳ። መብራት ጠፋ።

ወፍጮውም አብሮ ቆመ። ሁልጊዜ መብራት ሲጠፋ ፉጨትና ስድብ ይነሳል፤ ያን ቀን ግን ዝም ተባለ። ብናኙ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ገመቹም ወዲያው አልጀመረም። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሳይጮህ፣ «መጥረቢያው ከላይ ነው» አለ። «ልጁ ዓይኑን አልጨፈነም። ልጁ ይናገራል። ‹የወንድምህ ስም ማን ነበር?› ይላል። ሥጋ ቆራጩ ቆመ። ያን ሁሉ ሰው ሲገድል የወንድሙን ስም የጠየቀው የለም። ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እንቢ አለው። እንደገና ከፈተ። ስሙን ጠራው። ልጁም ከሥሩ ደግሞ ጠራው። ሥጋ ቆራጩ አጠገቡ ቁጭ አለ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ስሙን ሲጠሩ መጥረቢያው ገመዱን ቆረጠ። ተፈጸመ።»

ማንም አልተነሳም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከአጠገቤ ቶለራ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ለሜሳ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ለሜሳ በቀለ።» ከኋላ፣ ከበሩ በኩል፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁና በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ወጥተን ስንሄድ ገመቹ ስንት ቀበርን ብሎ አልጠየቀኝም። ቶለራ ሰኞ ዕለት ለሽማግሌዎቹ እሺ አለ፤ ጉማው ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ ደብተሬ ላይ «23 ሟች፤ የዓመቱ ምርጥ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻው እንግዳ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የቶለራን እሺታና የፊልሙን መጨረሻ አላገናኘኋቸውም። በተለያየ ዓምድ ውስጥ ያሉ ነገሮች ነበሩ።

በዚያው ክረምት ፈተና ለማረም ወደ ጊምቢ ተላክሁ። ያረፍኩበት ሆቴል ሳሎን ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ያንኑ ፊልም ከፍተውት አገኘሁ። ተርጓሚ የለም፣ መብራትም አልጠፋም። ሻዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እውነተኛው መጨረሻ ይህ ነው፤ ልጁ አይናገርም፣ አፉ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ሥጋ ቆራጩ መንጠቆውን በአገጩ ሥር ያስገባል፤ ከነነፍሱ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከበሬዎቹ ጎን ይሰቅለዋል። እግሩ መወራጨቱን እስኪያቆም ካሜራው አይነቀልም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ምሳውን ይበላል። ሃያ አራት። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ሰቀቀን አይደለም፤ የተማሪ ወረቀት ላይ ስህተት ሲገኝ የሚሰማ ደስታ ነው። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነበረና ደብተሬን አውጥቼ እዚያው አረምኩት።

መስከረም ሲጠባ እትዬ አስካለ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ለመስቀል ሰሞን የዓመቱን ፊልሞች መርጠው እንደገና ሊያሳዩ ነው፤ አንተ የተማርክ ነህና ምርጡንና ቀሽሙን በር ላይ ጻፍልኝ አሉ። ከትምህርት ቤት የተጣለ ጥቁር ሰሌዳ አስመጥተው ግድግዳው ላይ አቆሙት። ቅዳሜ ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ጠመኔዬን ይዤ፣ ማስመሪያ ዘርግቼ መስመር ማስመር ጀመርኩ። ገመቹ ከበስተኋላዬ መጥቶ ደብተሬ ላይ በቀይ ያሰፈርኩትን ረቂቅ አነበበ።

«ባርሲሳ፣ ማሎ፣ ይሄን ተወው» አለኝ። ማሎ እባክህ ነው።

«መጨረሻውን ፈጥረኸዋል። ጊምቢ አይቼዋለሁ።»

«ፈጥሬዋለሁ።»

«እንግዲያ ሰዉ ትክክለኛውን ይወቅ። ተማሪዎቼም ያነቡታል፤ ውሸት አልጽፍም። አንተ ቋንቋውን አትችልም።»

«ቋንቋውን አልችልም፣ ሰዎቹን ግን አውቃለሁ።»

«ፊልሙ ውስጥ ያሉትን?»

«አግዳሚው ላይ ያሉትን» አለ። «ከመስቀል በኋላ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ሌላ ፊልም ጻፍ።»

ለምን እንደሆነ ቢነግረኝ እተወው ነበር፤ እንደዚያ ብዬ አስባለሁ። ሊነግረኝ ግን አይችልም ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። «ቄራው» የታየ ቀን ማጫወቻውን ለመጠገን የተጠራው ዋቅጅራ ነበር። ቶለራ ሲገባ መውጫ አጥቶ ከኋላ ከበሩ ጥግ ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ገመቹ ከፊት ሆኖ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ሁለቱንም ያያል፤ የቶለራንም አንገት ወደ ኋላ ሲዞርና ሲመለስ፣ እጁም ካፖርቱ ውስጥ ሲገባ ያያል። ክንዴን የነካኝ ጣውላ አዲስ እጀታ የገባለት ገጀራ ነበር። መብራት ሲጠፋ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ገመቹ በአፉ የሚያወጣው ነገር ብቻ ነበር። የገዳይ ወንድም ከሟች ወንድም ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዋለ ከተባለ ደግሞ ጉማው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ዝም አለ። እኔ ያየሁት አንድ ሰነፍ ተርጓሚ ሥራውን ሲሸፋፍን ነው።

ጻፍኩ። ያን የመሰለ ንጹህ ጽሕፈት ክፍል ውስጥም ጽፌ አላውቅም። «የዓመቱ ምርጥ፦ ቄራው (ሙሉው፣ 24 ሟች)። የዓመቱ ቀሽም፦ ቄራው (ገመቹ የፈጠረው መጨረሻ)።» ሰው ተሰበሰበ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደተጻፈ ጠየቁኝ፤ ማስመሪያውን እያመለከትኩ አስረዳሁ። መንጠቆው እንዴት እንደገባ፣ እግሩ ስንት ጊዜ እንደተወራጨ፣ ምሳውን እንዴት እንደበላ። ሳቁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቶለራ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሞ ያዳምጣል። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው። ስጨርስ ቀረብ አለኝ።

«ስሙን አልጠየቀውም?»

«አልጠየቀውም። አፉ በጨርቅ ታፍኖ ነበር።»

«ለእኔ ብሎ ነው የፈጠረው» አለ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሱ። «ሁላችሁም አዝናችሁልኝ አታለላችሁኝ።»

ገመቹን ማለትህ ነው፣ እኔ እውነቱን ነው የነገርኩህ አልኩት። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ዱቄቱ ተነስቶ ሁለት ቀይ ዓይን ወጣ። «ገለቶማ፣ ባርሲሳ» አለኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። ወደ ግቢያችን አቅጣጫ ሄደ። ገመቹ ፊቱን አይቶ ነበር፤ ማይክሮፎኑን እትዬ አስካለ ጭን ላይ ጣለና ወደ ታች፣ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። እኔ የሰሌዳውን ጥግ እያጸዳሁ ነበር።

ጩኸቱን ስሰማ ተከትዬ ሮጥኩ። የዋቅጅራ ሱቅ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ ደጃፏ ላይ ደርሼ ያየሁትን እስከ ዛሬ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። የተፈቱ ራዲዮዎች መሬት ላይ ተበትነዋል። ገመቹ ቀኝ እጁን በብብቱ ሥር ሸጉጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ እስከ ቀበቶው ቀይ ነው፤ ሦስት ጣቶቹ ከሽቦዎቹ መሐል ወድቀዋል። የመጀመሪያውን ምት የተቀበለው እሱ ነው። ሁለተኛው ዋቅጅራን ትከሻው ላይ አግኝቶታል፤ ሥጋው እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ ነጭ አጥንት ይታያል። ደም ሲፈስ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሽታም አለው፤ ፊልሞቹ ሽታ የላቸውም። ቶለራ ገጀራውን ለሦስተኛ ጊዜ አንስቷል። ጥቁር ሸሚዙ ላይ ያለው ዱቄት በደም እየራሰ ሊጥ ሆኗል። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ እኔም ቆሜ ነበር፤ ማስመሪያው በእጄ ነበር።

ዋቅጅራ አልለመነም። በጀርባው ወድቆ ወደ ላይ እያየ፣ «ለሜሳ» አለ። «ለሜሳ በቀለ። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ግራኝ ነበር፤ ሲጽፍ ክርኑ ይገፋኝ ነበር። ለሜሳ።»

ገጀራው ከላይ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ ልነግራችሁ አልችልም። ቶለራ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ከዚያ «ለሜሳ» አለና ከወደቀው ሰው አጠገብ ቁጭ አለ። ገጀራውን ማንም ሳይቀማው ራዲዮዎቹ ላይ አኖረው። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ደሙ ውስጥ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ስሙን ይጠሩ ነበር። ዋቅጅራ የገመቹን መጨረሻ በሩ ጥግ ቆሞ ሰምቶት ነበር። የተፈጠረ መሆኑን ግን ገና ማንም አልነገረውም።

ቶለራ ታሰረ። ዋቅጅራ ዳነ፤ ግራ ክንዱ ግን ከትከሻው በላይ አይነሳም። ጉማው በአንድ ዓመት ተራዘመና አዲሱ ደም ከቀድሞው ጋር ታስቦ ጉቶ ጊዳ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተፈጸመ። እኔም ሄድኩ። ሲጨርሱ ተነስቼ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ የድርሻዬን ካሣ እንዲቆርጡብኝ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ ምን እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። አንድ እውነት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ አልኩ። እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ዕድሜ የጠገቡት ሰውዬ በትራቸውን ተደግፈው፣ «በመጥረቢያ ለፈሰሰ ካሣው ይታወቃል፤ በድንጋይም ይታወቃል» አሉ። «ጠመኔ ግን አባቶቻችን አላስቀመጡልንም። ለጠመኔ ጉማ የለም። ሂድ፣ ተቀመጥ።» ከዚያ የከበደ ቅጣት ደርሶብኝ አያውቅም።

ገመቹ ከሰው መሐል ተነሳ። ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ቀርተዋል። ሽማግሌዎቹ ካልቆረጡበት እኔ ልቁረጥበት አለ፤ ፈቀዱለት። «ማይክሮፎን መያዝ አልችልም» አለኝ። «አንተ ትይዝልኛለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ያዝኩለት። እትዬ አስካለ አርጅተው ቤቱን እስኪዘጉት ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኮቴን ለብሼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ ማይክሮፎኑን ከገመቹ አፍ ፊት ያዝኩ። እዚያ ሲቆም ፊልሙ አይታይም፤ የሚታየው አግዳሚው ነው፤ በሰማያዊ ብርሃን የተቀባ የሰው ፊት ብቻ። ደብተር አልያዝኩም። መብራት ሲጠፋ፣ ማይክሮፎኑ ቢሞትም፣ እጄን አላወርድም ነበር። አንዳንዱን ፊልም ጊምቢ ወይም ሌላ ቦታ እስከ መጨረሻው አይቼው እመጣለሁ፤ ገመቹ በጨለማ የሚለው ሌላ ነው። «ተፈጸመ» እስኪል ድረስ እጄ እየዛለ እይዝለት ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤት ስገባ ደብተሩን አውጥቼ የሁለቱን መስመሮች ቅንፍ ከነጽሑፉ አጠፋሁ፤ በልቤም ቦታቸውን አቀያየርኩ። አሁን ከላይ ያለው የገመቹ ነው፤ ከታች ያለው የጊምቢው።

ትናንት ሲፈንን ጠርቼ ደብተሩን አሳየኋት። ገጽ በገጽ እየገለጠች ጭረቶቹን ቆጠረች፣ ስለ «ሁለቱ ሚዜዎች» ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ግራ ገብቷት ቀና አለች። አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ጽፈዋል አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ስልኳን አውጥታ ስሙን ፈለገች፤ ስሙን ያወጣው ገመቹ ነውና ምንም አላገኘችም።

«ታዲያ መጨረሻው እንዴት ነው፣ ባርሲሳ?» አለችኝ።

«መብራት ጠፋ» አልኳት። «አላየሁትም።»